የባሕር ላሟ እጅ

የባሕር ላሟ ሁለመናዋ አልቆ መቅዘፊያዋ ብቻ ቀረ። ቀራጺዋም ሁለመናዋ አልቆ ነበር፤ ምን እንደቀራት ግን ራሷም አታውቀውም። ጉልበቷ ከበርጩማ ስትነሳ ይጮኻል፣ ወገቧ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላል፣ የሲሚንቶ አቧራ ከሽበቷ ጋር ተቀላቅሎ የቱ ዕድሜ የቱ ሥራ እንደሆነ አይለይም። ድሮ ጎማ ይጠገንበት በነበረው የቆርቆሮ ቤት መሐል፣ በብረትና በሲሚንቶ የተሠራችው ፍጡር ጥጃዋን ደረቷ ሥር አድርጋ በጎኗ ተጋድማለች። እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ቀራጺዋ በቀን ስንቴ ትቀናባታለች።

ሥራውን ያዘዘው ወደቡ አጠገብ የተከፈተው የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት ነው። ኃላፊው ሰውና የባሕር ፍጥረት ምን ያህል እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ሐውልት ይፈልጋል። ለዚያውም ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ፣ ልጅ አዋቂው የሚዳስሰው፣ «አትንኩ» የሚል ሰሌዳ የሌለበት። ዓሣም፣ ዶልፊንም፣ ሌላም ሌላም በፎቶ አሳይቷት ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗ የቀረው አንድ የራጅ ፎቶ ላይ ነው። የባሕር ላም መቅዘፊያ። ከውጭ ሲያዩት ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ድፍን ነገር ነው። በራጁ ላይ ግን ክንድ አለው፣ አንጓ አለው፣ አምስት ጣት አለው። እጅ ነው፤ በአንድ ቆዳ የተሸፈነ እጅ። ጥጃዋንም የምታጠባው ብብቷ ሥር ነው ብሎ ኃላፊው ጨመረላት።

እንዲህ ያለ እጅ ታውቃለች። ያሳደጋት እጅ ነው።

ለኃላፊው ግን ይሄን አልነገረችውም። «ይቺን እሠራለሁ» ብቻ አለችው፣ እሱም ደስ አለው። ፊቷን ሠራች፣ ጥጃዋን ሠራች፣ የጀርባዋን መስመር ሳይቀር እንደልቧ አወጣችው። መቅዘፊያው ላይ ስትደርስ ሥራው ቀጥ አለ። ትሠራዋለች፣ ታፈርሰዋለች፣ እንደገና ትሠራዋለች። አንዴ አካፋ ይመስላል፣ አንዴ የጫማ ሶል። ኃላፊው ሊያይ በመጣ ቁጥር ጫማውን ከሲሚንቶው እየጠበቀ ዙሪያዋን ይዞራል፣ ይደነቃል፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ግን አንገቱን ማከክ ይጀምራል።

«ፊቷ ድንቅ ነው» አለ በመጨረሻ የመጣ ጊዜ። «ጥጃዋም አንጀት ይበላል። ይቺ ግን…» በብዕሩ ጫፍ ጠቆመ። «አይቆጡኝና ማንኪያ ትመስላለች።»

«ማንኪያ?»

«ትልቅ ማንኪያ።»

አልተቆጣችም። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። ደግሞም እውነቱን ነው።

«ከሰው ላይ ለምን አይወስዱትም?» አለ። «የሰው እጅ በጄሶ ቅርጹን ማንሳት ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል።»

«ታዲያ ምን አስቸገረ?»

ምን እንዳስቸገረ ብትነግረው ይስቅባት ነበር። ባደገችበት ቤት እጅ የሚባል ቃል አልነበረም።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ታላቅ እህቷ እትዬ ከተወለደች ጀምሮ የግራ እጇ ሦስት ጣቶች፣ ከመሐሉ እስከ ትንሿ፣ በአንድ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። አንድ ላይ ይታጠፋሉ፣ አንድ ላይ ይዘረጋሉ። እናታቸው የመጨረሻዋን ልጅ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስትሞት፣ ራሷ ገና ልጅነቷን ያልጨረሰችው እትዬ እናት ሆነች። ያቺ የመጨረሻ ልጅ ቀራጺዋ ናት። ሚጣ ይሏት ነበር፤ ሃምሳን አልፋ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ መነጽር አንጠልጥላም ለእትዬ ዛሬም ሚጣ ናት። በመካከላቸው አንድ ወንድም ነበራቸው፤ አፉ የማያርፍ፣ ነገር ሁሉ ጨዋታ የሚመስለው። እሱ አንድ ቀን እትዬን «ዳክዬ» ብሎ ጠራት።

አባታቸው ዝም ብሎ በልቶ ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ከተቀመጠበት ተነስቶ ልጁን በጥፊ አጮለው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ እጅ ያነሳ ሰው ወዮለት!» አለ። አዋጁ አባትየው እስኪሞት አልተሻረም፤ ከሞተ በኋላም የሚሽረው ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የራሱን ቋንቋ አወጣ። «እጃችሁን ታጠቡ» ቀርቶ «ታጠቡ» ብቻ ተባለ። ሰው ሁሉ ሲቸግረው እጅ አጠረኝ ይላል፤ ወንድማቸው «ኪሴ አጠረኝ» ይል ነበር። በጨዋታ ሲሸነፍ ደግሞ እጄን ሰጠሁ እንደማለት «በቃ፣ ያንን ነገር ሰጠሁ» እያለ በሳቅ ይገድላቸዋል፤ እትዬ በሌለችበት ነው ታዲያ። ቀለበት አይነሳም፣ ጓንት አይነሳም፣ በጣት መቁጠር ነውር ነው። አንድ እንግዳ በወሬ መሐል «እጅ እግር የሌለው ነገር» ያለ እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ አንጋጦ ጣሪያውን ያያል። እትዬም እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ትከታለች። በግራ በኩል ኪሱ ያልረገበ ሹራብ ኖሯት አያውቅም።

እንግዲህ ሚጣ እንደዚያ አድጋ፣ ቀራጺ ልሁን ብላ ተነሳች። በሙያዋ የስንቱን እጅ ሠርታለች፤ የአዛውንት፣ የሕፃን፣ የባለሥልጣን። የእትዬን እጅ ግን ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም። የምታውቀው በስርቆት ያየችውን ነው፣ ልብስ ሲታጠብ፣ በር ሲከፈት፣ ቁራጭ ቁራጩን። በስርቆት ከታየ እጅ ደግሞ ከማንኪያ የተሻለ ነገር አይወጣም።

ሄዳ ልትጠይቃት ስንቴ አሰበች፣ ስንቴ ፈራች። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ በዚህች ምድር ላይ የቀረቻት እትዬ ብቻ ናት። ብትቀየማትስ? «ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩትን ደጃፍ ላይ ልታሰጪው ነው? ከባሕር አውሬ ጋር ልታመሳስዪኝ ነው?» ብትላትስ? ሐውልቱ ቢቀር ይቀራል፣ ኃላፊው ሌላ ሰው ይፈልጋል። እትዬ ብትቀር ግን ሌላ እትዬ የለችም። ሆኖም ደክሟት ነበር። ማፍረሱም፣ መደበቁም፣ ጣሪያ ማየቱም ሁሉ በአንድ ላይ ደከማት። እስኪ የመጣው ይምጣ አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ እንደልማዷ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስታበስል ኖራ ጡረታ ከወጣች በኋላም ለአንድ ሰው ማብሰል አልሆነላትም። ድስቷ አሁንም የብዙ ልጆች ድስት ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ የወጣችው ዳገት እግሯን አሳብጦታል። በርጩማው ላይ ዘፍ አለችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ድረስ ፍጡሯን ታያት ጀመር።

«አሁን ይቺ ላም ናት?»

«የባሕር ላም።»

«ትታለባለች?»

«ማን ደፍሮ?»

«ቀንድ የላት፣ እግር የላት፣ ጅራቷ የዓሣ። ይሄን ስም ያወጣላት ሰውዬ ላም አይቶ አያውቅም።» እትዬ ጫማዋን አወለቀች። «ብቻ ደክሟታል። እሷስ ዘመዴ ናት። በይ አንቺ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሚጣ በላች። ምግቡ እንደወትሮው አንጀት የሚያርስ ነበር። «ይጣፍጣል» አለች። እትዬ ራሷን ነቀነቀችና ክዳኑን በቀኝ እጇ ገጠመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቂኛ።»

«ይቺን መቅዘፊያዋን መጨረስ አቃተኝ። ከሰው ላይ በጄሶ ማንሳት አለብኝ። እና… ያንቺን…»

«የኔን ምን?»

«ያንን… የግራሽን።»

«የግራዬን ምኔን? ጆሮዬን?»

ሚጣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መጋዝ አየች፣ ባልዲውን አየች፣ እንደለመደባት ጣሪያውንም አየች።

«የግራ ዓይኔን? የግራ ጉልበቴን ከሆነ ውሰጂው፣ ለኔም አልጠቀመኝ» አለች እትዬ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሚጣ፣ ጣሪያውን ተይው። ትልቅ ሰው ነሽ። ነገሩ ስም አለው፣ በስሙ ጥሪው።»

«እጅሽን» አለች ሚጣ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቆርቆሮው ተነቅሎ የሚወድቅባቸው መስሏት ነበር። ውጪ አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ እንጂ ምንም አልሆነም። እትዬም «ይኸው፣ አልሞትሽም» አለች። ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ በመሮውና በሽቦው መሐል፣ እንደማንኛውም ዕቃ አስቀመጠችው።

«ይሄን ነው? እንኪ።»

ሚጣ ሥራ ጀመረች፤ ሥራ ባይኖር ኖሮ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ጄሶው ቆዳ ይዞ እንዳይቀር መጀመሪያ ቫዝሊን ይቀባል። የእህቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ከአንጓው ጀምራ ወደ ጣቶቹ ቀባች። የተያያዙት ጣቶች ከጠበቀችው በላይ ለስላሳ ነበሩ። በመካከላቸው ቀጭን ስርጉድ መስመር አለ፣ አጥንቶቹ ከሥሩ ለየብቻቸው ይዳሰሳሉ። ራጁ ላይ ያየችው ይሄው ነበር። ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ በመደሰቷ አፈረች። ከዚያ ለስብራት የሚታሰረውን ዓይነት የጄሶ ፋሻ ቆርጣ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ በመጀመሪያ የእጇን ጀርባ አለበሰችው፤ እሱ ሲጠነክር ገልብጣ መዳፏን።

«ሲደርቅ ይሞቅሻል፣ እንዳትደነግጪ። እንዳትንቀሳቀሺ ብቻ።»

«በዚህ እግር ወዴት እሄዳለሁ?»

ጄሶ እስኪጠነክር ጠባቂም ተጠባቂም ሥራ የላቸውም። እትዬ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሏት ሚጣ ባልዲውን ልታጥብ ስትነሳ፣ እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ማውራት ጀመረች።

«አባባ ወንድምሽን በጥፊ የመታው ቀን፣ እኔ እኮ እየሳቅኩ ነበር።»

«ምን?»

«ዳክዬ ሲለኝ። ስቄ ነበር። ዳክዬ ውሃ ላይ ስትሄድ አይተሽ የለ? ደስ ትለኝ ነበር። አባባ ጀርባዬን ነው ያየው፣ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያለቀስኩ መሰለው። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይንገረው?»

ሚጣ ባልዲውን አስቀመጠችው።

«ትምህርት ቤት ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ዋናተኛዋ። ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲሰለፉ ይቺን ካልጨበጥን እያሉ ይጣላሉ። ፈተና ያላቸው ቀን ለዕድል ይነኩኛል። ሰነፎቹ ሁለቴ።»

«ኪስሽ ውስጥ አትከቺውም ነበር?»

«እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ድስት ይማሰላል እንዴ?» እትዬ ሳቅ አለች፣ ሳቁ ግን ሩቅ ሳይሄድ አለቀ። «ኪሴ የምከተው ቤት ስደርስ ነው። በሩ ጋ። እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ። ሳወጣው ሁላችሁም አንጋጣችሁ ጣሪያ ታያላችሁ። አንገታችሁ አሳዘነኝ።»

ሚጣ በልጅነቷ የእትዬን ኪስ እያየች ስንት ጊዜ አልቅሳ ተኝታለች። ለካ እነሱን ለማሳረፍ ነበር። ለአፍታ ደሟ ፈላ፣ በአባቷ፣ በወንድሟ፣ በራሷ፣ በእትዬም ሳይቀር። አንድ ሰው እንኳ አንድ ቀን አፉን ቢከፍት ምን ነበረበት? ደግነት ነው ብለው ይዘውት የኖሩት ነገር ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ ሲውል ሲያድር ቤት ይሠራል፣ ሰው ያስለምዳል።

«አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር» አለች እትዬ።

ድምጿ አልተለወጠም። የምትወቅስ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«የትም ቤት አንድ ሰው አብስሎ ሲያቀርብ፣ እጅሽ ይባረክ ይባላል። የሰው ወግ ነው። ልጆቹ ይሉኛል፣ መምህራኑ ይሉኛል፣ ያ ነጭናጫ ዘበኛ እንኳ ይለኝ ነበር። ቤት ግን ስንት ዘመን አበላኋችሁ። አባባን እስኪሞት። ወንድምሽን እስኪያገባ፣ ካገባም በኋላ፣ የሚስቱ አልጣፍጠው ሲል። አንቺን እስካሁን፣ ቅድም እንኳ። ‹ይጣፍጣል› ትላላችሁ። ‹ጎበዝ› ትላላችሁ። እጅሽ ይባረክ ያለኝ የለም። አንድም ቀን።»

«እትዬ…»

«መጀመሪያ አባባ ስለከለከለ ነው አልኩ። ገባኝ። አባባ ከሞተ በኋላ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሰው ሲደክመው ደግሞ ክፉ ክፉውን ያስባል። ይቺ እጅ ምርቃት የሚይዛት አልመሰላቸውም ይሆናል አልኩ።»

ሚጣ ይሄን በሕይወቷ አስባው አታውቅም። ቃሉን ሲሸሹ ምርቃቱንም አብረው እንደጣሉት፣ ከዚያ ሁሉ ድስት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ሳህን በኋላ፣ አንድም ጊዜ አልታያትም። እስካሁን ስትሳቀቅ የኖረችው ስለ እጁ ነበር፤ የተጎዳው ግን እጁ አልነበረም። ተንደርድራ አጠገቧ ተንበረከከች፣ የሚጮኸው ጉልበቷም ትዝ አላላትም።

«እትዬ፣ እጅሽ…»

«ተይ» አለች እትዬ።

«ለምን?»

«አሁን አይደለም። አሁን ብትይው ስላሳዘንኩሽ ነው። ተለምኖ የመጣ ምርቃት ምን ያደርግልኛል?» ዓይኗን ገለጠች። «ሞቀኝ። ደርቋል መሰለኝ።»

ደርቆ ነበር። ሚጣ ጠርዙን በጥፍሯ ኳ ኳ አድርጋ ሰማችው። «ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ አነቃንቂ» አለቻት። የጄሶው ሁለት ግማሽ ተላቀቀና እጁ ወጣ፣ ነጭና እርጥብ ሆኖ። እትዬ እጇን ትታ ወደ ጄሶው ጎንበስ አለች።

«ውስጡ ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው የሚሆነው። ሲሚንቶው እሱ ውስጥ ይገባል።»

እትዬ መነጽሯን አድርጋ አየችው። የቆዳዋ መስመር ሁሉ እዚያ ነበር፤ ጥፍሩም፣ የአንጓዋ ሽብሽብም፣ የተያያዙት ጣቶች ስርጉድም። በሌባ ጣቷ አንድ ቦታ ነካች።

«ይሄ ትልቁ ድስት ያቃጠለኝ ነው። ላሟም ድስት አቃጠላት ሊሉ ነው።»

«አለስልሼ አጠፋዋለሁ። ደጃፍ ላይ ልጅ አዋቂው የሚዳስሰው ነው።»

«ተይው። ይዳስሱት።»

እንግዲህ ልትጠይቀው የፈራችው ፈቃድ ይሄ ነበር፤ በአንድ ቃል አለቀ። ሚጣ ግን ደስታውን የምታስቀምጥበት ቦታ አላገኘችም። ምድጃው ላይ ያለውን ውሃ ለብ አድርጋ በሳህን አመጣች፣ ሳሙናና ፎጣ ይዛ ከእትዬ ፊት ተቀመጠች። እጁን ውሃው ውስጥ ከተተችው። ጄሶው በመስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ደርቋል፣ ቫዝሊኑም ቶሎ አይለቅም። በአውራ ጣቷ በተያያዙት ጣቶች መካከል ያለውን ስርጉድ ተከትላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለች አጠበችው። ጣሪያውን አላየችም። የምታየውን እጅ አየች፤ የተሰነጣጠቀ፣ ያረጀ፣ በስንት ሳሙናና ስንት እሳት ያለፈ፣ በሕፃንነቷ ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ ያስተኛት እጅ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እትዬን ያጠበ ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት። ሁሉንም የምታጥበው እትዬ ነበረች።

እትዬ ያበጡ እግሮቿን ዘርግታ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ ትከሻዋ ረግቦ እጇን ሰጥታ ተቀመጠች። ሚጣ ውሃውን ቀየረች፣ እንደገና አጠበች፣ ከዚያ ፎጣውን አንስታ አደረቀችላት፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ ጣቶቹን፣ የተያያዙትንም ያልተያያዙትንም።

እትዬ እጇን ወደ ብርሃኑ አንስታ ከፊትም ከኋላም አየችው። ጠርቷል። ከዚያ አስባበት ሳይሆን፣ ሰው ጥሩ ሥራ ሲሠራለት እንደሚለው፣ ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲያልፉ እንደሚሏት፣ እንደዋዛ፣

«እጅሽ ይባረክ፣ ሚጣ» አለች።

ሚጣ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። መልሱን ታውቀዋለች። ሰው ቤት ስትሠራ፣ ሐውልት ስታስረክብ፣ ሲመርቋት ሳታስበው ከአፏ የሚወጣ አንድ ቃል ነው። አሁን ግን ለእትዬ ሳትሰጣት የኖረችውን ነገር ከእትዬ እንዴት አድርጋ ትቀበለው? ፊቷን ፎጣው ውስጥ ቀበረች፣ ጄሶ ጄሶ ይሸታል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እትዬ ዝቅ ብላ፣ አጥባና መግባ ያሳደገቻትን ልጅ ወግ እንደምታስተምር ሁሉ፣

«አሜን ይባላል እኮ» አለቻት።